ሥሩ ብቻ የተለወጠ ተክል ልውጥ ዘር አይደለም

ለተከበራችሁ የጋዜጣው አዘጋጆች፣

ሰሞኑን ስለ ልውጥ ሕያዋን ያወጣችሁት ጽሑፍ የዕፅዋትን ዘረመል መለወጥ ሁሉ ወደ ገበሬው ማሳ ልውጥ ዘር ከማስገባት ጋር አንድ አድርጎ አቅርቦታል። የዕፅዋት ሥነ ሕይወትን ለዓመታት ያስተማርሁ እንደመሆኔ ይህን በዝምታ ማለፍ አልቻልሁም።

አብዛኞቹ ዕፅዋት፣ ማሽላችንና ሽንብራችን ጭምር፣ ሥራቸው ውስጥ ከሚገባ ፈንገስ ጋር ተጋግዘው ይኖራሉ፤ ፈንገሱ ቀጫጭን ክሮቹን ሥሩ ወደማይደርስበት አፈር ዘርግቶ ፎስፈረስ ያመጣል፣ ተክሉም ከሠራው ስኳርና ቅባት ያካፍለዋል። ስኮትላንድ ውስጥ በራይኒ የተገኙት ቅሪተ አካላት ይህ ጉርብትና ወደ 400 ሚሊዮን ዓመት የሚጠጋ ዕድሜ እንዳለው ይመሰክራሉ። ለዚህ ጉርብትና የትኛው ዘረመል ምን እንደሚሠራ ለማወቅ ግን ሥሩን መለወጥ ያስፈልጋል።

ተመራማሪዎች ይህን የሚያደርጉት አግሮባክቴሪየም ራይዞጂንስ በተባለ የአፈር ባክቴሪያ ነው። ከጥራጥሬ ወገን የሆነችውና የአልፋልፋ ዘመድ የሆነችው ሜዲካጎ ትሩንካቱላ ገና ስትበቅል የሥሯ ጫፍ ይቆረጥና ቁስሉ በባክቴሪያው ይነካል፤ ባክቴሪያው ከራሱ ዲኤንኤ ቁራጭ ጋር ተመራማሪው የጫነበትን ዘረመል ወደ ተክሉ ሴል ያስገባል፤ ከቁስሉም በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ጸጉራማ ሥር የሚባለው አዲስ ሥር ይወጣል። አብሮ በተላከ ቀይ የሚፈካ ፕሮቲን የተለወጠው ሥር ካልተለወጠው ይለያል። ግንዱ፣ ቅጠሉና አበባው ግን እንደነበሩ ናቸው፤ ስለዚህ ከዚህች ተክል የሚገኘው ፍሬ የገባውን ዘረመል አይወርስም። (በአንዳንድ ዝርያዎች ከጸጉራማ ሥር ሙሉ ተክል ማብቀል ይቻላል፤ ያ ግን ራሱን የቻለ ሌላ ሥራ ነው።)

ነገሩ ለእኛ የሩቅ አይደለም። ማሽላ ፎስፈረስ ሲያንሰው ስትራይጎላክቶን የተባሉ ውህዶችን ከሥሩ ያመነጫል፤ እ.ኤ.አ. በ2005 እንደታወቀው ፈንገሱ ይህን ሲያገኝ ክሮቹን ያበዛል፣ አቀንጭራ የተባለው ጥገኛ አረምም በዚያው ምልክት ተቀስቅሶ ይበቅልና ማሽላውን ይመጠምጠዋል። ፕሮፌሰር ገቢሳ ኤጀታ አቀንጭራን የሚቋቋም ማሽላ በማውጣት እ.ኤ.አ. በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን አግኝተዋል። ፈንገሱን እየጠራ አቀንጭራን የማይጠራ ሥር እንዴት እንደሚገኝ ለማወቅ በሥር ላይ የሚደረገው እንዲህ ያለው ጥናት ያስፈልገናል፤ እርግጥ ዘዴው በማሽላ ላይ እንደ ጥራጥሬ አይቀልም።

በልውጥ ዘር ላይ ያለውን ሥጋት አላጣጥልም። የምጠይቃችሁ፣ በሚቀጥለው ዘገባችሁ በቤተ ሙከራ ውስጥ የሚቀረውን ሥርና ለገበሬ የሚታደለውን ዘር ለያይታችሁ እንድትጽፉ ነው።

ከአክብሮት ጋር፣
የዕፅዋት ሥነ ሕይወት መምህር