የቼዝ ክበብ የ2017 ዓ.ም. ዘገባ፦ ነጭ ይዞ በቢ3 መጀመር

የቼዝ ክበባችን ዘንድሮ ዘወትር ረቡዕ ከትምህርት በኋላ በቤተ መጻሕፍቱ የኋላ ክፍል ሲሰበሰብ ቆይቷል። ከአራቱ ሰሌዳዎቻችን የአንዱ ነጭ ጳጳስ በመጥፋቱ በምትኩ የለስላሳ ቆርኪ እንጠቀማለን፤ የዓመቱን ሥራ በአብዛኛው የተሸከመውም ይኸው ቆርኪ ነው።

ጥቅምት ላይ አባላቱ ከስልክ የሸመደዱትን የጣሊያን መክፈቻ የሚባለውን የጨዋታ አጀማመር ሳያስቡ ይደረድሩና፣ ተጋጣሚያቸው ካጠኑት መንገድ ሲወጣባቸው ግራ ይጋቡ ነበር። ስለዚህ ነጭ ስንይዝ ማንም ያልሸመደደውን እንጀምር ተባብለን በዴንማርካዊው ቤንት ላርሰን ስም የሚጠራውን መክፈቻ መረጥን፤ በዚህም ነጭ የቢ ወታደሩን አንድ ቤት ብቻ ወደ ቢ3 ገፍቶ ጳጳሱን ቢ2 ላይ ያሳርፋል (ፊደሉ የሰሌዳውን ዓምድ፣ ቁጥሩ ረድፉን ያመለክታል)። የጂ ወታደሩን ወደ ጂ4 ገፍቶ መጀመርን የተመኙም ነበሩ፤ ንጉሡን በከንቱ ስለሚያጋልጥ አልተቀበልኳቸውም።

ሰንጠረዥ በሚባለው በጥንቱ የሀገራችን ቼዝ የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ድረስ ሁለቱ ወገኖች ተራ ሳይጠባበቁ ጦራቸውን የሚያሰልፉበት ወረራ የሚባል ምዕራፍ ነበር። ልጆቹ ቢ3ንም እንደዚያ ቆጥረው ያለ ሐሳብ መሰለፍ ጀመሩ፤ የዘመኑ ቼዝ ግን ፋታ አይሰጥም። እ.ኤ.አ. በ1970 የሶቪየት ኅብረት ቡድን ከቀሪው ዓለም ጋር ቤልግሬድ ላይ ሲጋጠም፣ ላርሰን ራሱ በዚህ መክፈቻ ጀምሮ በወቅቱ የዓለም ሻምፒዮን በነበረው ቦሪስ ስፓስኪ በ17 እርምጃ ተሸንፏል። ኢ5 ላይ ለቆመው ጥቁር ወታደር በሲ4 መልሶ ፈረሱን ወደ ኤፍ3 ሲያወጣ፣ ወታደሩ ወደ ኢ4 ገፍቶ ፈረሱን አባረረው። ስፓስኪ በ14ኛው እርምጃ ግንቡን ኤች1 ላይ ሆን ብሎ ያስበላበትን ቦታ ለማየት ብቻ አንድ ሙሉ ረቡዕ ፈጅተናል።

ታኅሣሥ ላይ ባደረግነው የወዳጅነት ግጥሚያ ሦስት ተማሪዎቻችን ፈረሳቸውን በዚያው መንገድ አስባረሩ። ጥፋቱ የእኔ ነበር፤ እርምጃዎቹን እንጂ ዒላማውን አላስተማርኩም። ከጥምቀት በዓል ስንመለስ ጳጳሱ የሚመታበትን ሰያፍ መስመር ተከትዬ በአንዱ ሰሌዳ ላይ ከቢ2 እስከ ኤች8 ቀይ ክር ወጥሬ በፕላስተር ለጠፍኩ። በዚያ ሰሌዳ ላይ ኢ3 ከገፋች በኋላ አንዲት የ10ኛ ክፍል ተማሪ ጣቷን ክሩ ኢ5ን በሚያቋርጥበት ላይ አሳርፋ፣ «መምህር፣ ይህን ወታደር የሚጠብቀው እኮ ሲ6 ላይ ያለው ፈረስ ብቻ ነው» አለችና ሌላውን ጳጳሷን ወደ ቢ5 ላከች። ተጋጣሚዋም ወታደሩን ለማዳን ጳጳሱን ዲ6 ላይ አቁሞ የራሱን የዲ ወታደር መንገድ ዘጋ።

ክሩን ከፋሲካ በኋላ አንስተነዋል። ጥቁር በኢ5 ፈንታ በዲ5 ሲመልስ ቆርኪው ኢ5 ላይ የሚመታው ወታደር ስለሚያጣ፣ ያንን ለመጪው ዓመት አቆይተነዋል።