ለመጀመሪያ ጊታር ብራችሁን ዋት ላይ አትጨርሱት

ጤና ይስጥልኝ ውድ አዘጋጆች፣

ስለ ስልክ ትጽፋላችሁ፣ ስለ መኪና ትጽፋላችሁ፣ የትኛው ምጣድ መብራት እንደሚቆጥብም እናንተው ጋ ነው ያነበብኩት፣ ስለ ሙዚቃ መሳሪያ ግዢ ግን አንድም ጊዜ አይቼ አላውቅም። ክረምት ገብቶ ትምህርት ቤት ሲዘጋ እኮ ስንቱ ወላጅ ነው ልጁን አስከትሎ ጊታር ፍለጋ ሱቅ ለሱቅ የሚዞረው። ሻጩ ያለውን አምኖ ከፍሎ ይወጣል፣ ልጁ ትንሽ ሞክሮ "ጣቴን አመመኝ" ብሎ ጥግ ያስደግፈዋል፣ ቤተሰቡም ተሰጥኦ የለውም ብሎ ይደመድማል። እኔ ጀማሪዎችን ነው የማስተምረው፣ አብዛኛውን ጊዜ ችግሩ ያለው ልጁ ጋ ሳይሆን እቃው ጋ ነው፣ እና ይቺን ደብዳቤ ብታወጡልኝ ለአንዳንዱ ሰው ብሩን ታተርፍለት ይሆናል።

ጊታር የሚመጣው ከውጭ ነው፣ ክሩም ኬብሉም እንደዛው፣ ሐምሌ 2016 ላይ የዶላሩ ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ደግሞ የድሮ ዋጋ መጥራት ትርጉም የለውም። ለዛም ነው ሰዉ "ፓኬጅ" ሲባል ልቡ የሚሸፍተው፣ ጊታር፣ አምፕ (የጊታሩን ድምፅ የሚያጎላው ሳጥን)፣ ቦርሳ፣ ማንገቻ፣ ኬብል፣ ፒክ (ክር መምቻ) ሁሉም በአንድ ካርቶን። ሁሉም ፓኬጅ መጥፎ ነው አላልኩም፣ ያማሃና ስኳየር ያወጧቸው ጥሩ ጥሩ አሉ፣ ግን ስሙ የማይታወቀው ርካሹ ፓኬጅ ውስጥ የሚሰሰትበት ዋናው ጊታሩ ነው፣ አምፑ ደግሞ ትልቅ መስሎ ስለሚታይ ገዢው ይረካል። የኔ ሂሳብ እንዲህ ነው፣ ካላችሁ አስር ብር ሰባቱን ጊታሩ ላይ አውሉት፣ ሁለቱን አምፕ ላይ፣ የቀረችዋ ለትርፍ ክርና ለደህና ኬብል። ቱነር (ክር መቃኛ መሳሪያ) አትግዙ፣ ስልክ ላይ በነጻ ይገኛል።

"መጀመሪያ ቦክስ ጊታር ይልመድና ከዛ ሊድ ይገዛለታል" የሚባለውን ነገር በጣም ነው የምቃወመው። ቦክስ የምንለው ያለ አምፕ በራሱ የሚጮኸውን ነው፣ ሊድ ደግሞ አምፕ ላይ የሚሰካውን የኤሌክትሪክ ጊታር። ልጁ የሚወደው የሊድ ድምፅ ከሆነ በሊድ ይጀምር፣ ምክንያቱም የሊድ ጊታር ክር ቀጭን ነው፣ ብዙ ጊዜ የቀጭኗ ክር ውፍረት 9 ወይ 10 ነው (በኢንች ሺህኛ ሲለካ)፣ ቦክስ ላይ ግን 12 የተለመደ ነው፣ ገና ጣቱ ላልደነደነ ልጅ ደግሞ ልዩነቱ የትየለሌ ነው። ገንዘቡ ለሊድና ለአምፕ ካልበቃ ወይም ልጁ መዝሙርና ኮርድ ብቻ ነው የምፈልገው ካለ ቦክስ ይግዛ፣ ቢያንስ አምፕ የሚባል ጣጣ የለውም። ናይለን ክር ያለው ክላሲካሉም አለ፣ ለጣት ለስለስ ይላል አንገቱ ግን ሰፊ ነው፣ ያማሃ ሲ40 ለዚህ ጥሩ መጀመሪያ ናት። ብቻ አደራ፣ ናይለን ጊታር ላይ የብረት ክር እንዳታስሩ! ናይለኑ ሁሉም ክር ተደምሮ የሚስበው 40 ኪሎ አካባቢ ነው፣ የብረቱ ከ70 ኪሎ በላይ ይስባል፣ እንጨቱ ለዛ አልተሰራም፣ ክሩ ደረቱ ላይ የሚታሰርበት ድልድዩ ብድግ ብሎ ይነሳል ወይ ደረቱ ያብጣል። "ድምፁ እንዲደምቅ ብዬ ቀየርኩት" እያሉ ይዘውልኝ የመጡት ስንት ናቸው፣ ያንን ለማስለጠፍ የሚወጣው ደግሞ አንዳንዴ ከጊታሩ አይተናነስም።

አሁን ሱቅ ገባችሁ እንበል። ሻጩ "አዲስ እኮ ነው ምኑ ይፈተሻል" ይላችኋል፣ አትስሙት። ጊታሩን ከታች ከገላው በኩል ይዛችሁ አንገቱን እንደ ጠመንጃ አነጣጥራችሁ እዩት፣ ትንሽ ወደ ፊት ጎበጥ ማለቱ ጤነኛ ነው፣ በአንገቱ ውስጥ ባለው ብረት ይስተካከላል፣ ከተጣመመ ግን ማለትም አንዱ ጠርዝ ከፍ አንዱ ዝቅ ካለ በሰላም መልሱለት። ከዛ 12ኛው ፍሬት ላይ (ፍሬት አንገቱ ላይ አግድም የተደረደሩት ቀጫጭን ብረቶች ናቸው) በወፍራሙ ክርና በፍሬቱ መሀል ያለውን ክፍተት በማስመሪያ ለኩ፣ ለሊድ 2 ሚሊ አካባቢ ለቦክስ 3 ሚሊ አካባቢ ከሆነ ይሄዳል፣ ከዛ በጣም ከራቀ ልጁ እየተጫነ ያለቅሳል። ከዛ ሁሉንም ክር ሁሉንም ፍሬት አንድ በአንድ እየነካችሁ የሚንዘር ካለ አዳምጡ፣ አዎ ሁሉንም፣ ሻጩ ቢሰለቸውም። መዳፋችሁን በአንገቱ ጠርዝ ላይ አስሂዱት፣ አዲስ አበባ በጋ ላይ አየሩ ደረቅ ነው፣ እንጨቱ ይኮማተርና የፍሬቱ ጫፍ ወጣ ብሎ ይቧጥጣል፣ በሞረድ የሚስተካከል ነገር ነው ግን ዋጋ ለማስቀነስ ጥሩ ሰበብ ይሆናችኋል።

ከሁሉም የምወደው ፈተና የትዝታው ነው። ጊታሩን በስልካችሁ ቱነር ቃኙትና ዶ ሬ ሚ ሶል ላ እያላችሁ የትዝታ ሜጀሩን መጀመሪያ ታች ክር መቃኛ ቁልፎቹ ጋ ተጫወቱት፣ ከዛ ያንኑ ከ12ኛው ፍሬት በላይ ወጥታችሁ ድገሙት። ታች ያማረው ላይ ሲሄድ ጎምዘዝ ካለ ጊታሩ አይጣጣምም ማለት ነው። በቱነር ለማረጋገጥ ከፈለጋችሁ 12ኛው ፍሬት ላይ ክሩን ሳትጫኑ ነካ አድርጋችሁ ምቱት፣ ቀጥሎ እዛው ተጭናችሁ ምቱት፣ ሁለቱ እኩል ማሳየት አለባቸው። ሊድ ላይ ድልድዩ ጋ ያለችውን ብሎን በማዞር ይስተካከላል፣ ቦክስ ላይ ግን እንደዛ የሚዞር ብሎን የለም፣ ስለዚህ ቦክስ ስትገዙ በዚህ ነገር ክርር በሉ። መጫወት ካልቻላችሁ የሚችል ሰው ይዛችሁ ሂዱ፣ ቸርች የሚጫወት የጎረቤት ልጅ መቼም አይጠፋም፣ ማኪያቶ ትጋብዙታላችሁ።

ሊድ ከሆነ አምፕ ላይ ሰክታችሁ ጃኩን (ኬብሉ ጊታሩ ላይ የሚሰካበትን) ወዝወዝ አድርጉ፣ ድምፁ ቁርጥ ቁርጥ ካለ ሽቦው ላልቷል። ቮልዩሙ ሲዞር መንጫጫቱ አያስደንግጣችሁ፣ አቧራ ነው፣ በስፕሬይ ይጸዳል። እጃችሁ ክሩ ላይ ሳይኖር እምምም ብሎ ስትነኩት ዝም ማለቱም ብልሽት አይደለም፣ በዚህ ምክንያት ደህና ጊታር የመለሱ ሰዎች አውቃለሁ። ክሩን ስትነኩ ነዘር ካደረጋችሁ ግን ወዲያው አጥፉና ሶኬቱ ኧርዝ እንዳለው በኤሌክትሪሺያን አስፈትሹ።

ስም ጥሩ ካላችሁኝ ያማሃ ፓሲፊካ 012 ወይም ከተገኘ 112፣ ስኳየር ስትራቶካስተር፣ ለቦክስ ያማሃ ኤፍ310፣ እነዚህ ያገለገሉም ቢሆኑ ደህና ናቸው፣ እንዲያውም ከማይታወቅ አዲስ ያገለገለ ያማሃ እመርጣለሁ። ራሱ ላይ ፌንደር ተብሎ ተጽፎበት በርካሽ የሚሸጠውን ግን ተጠንቀቁ፣ ጽሁፍ መለጠፍ ቀላል ነው።

ወደ አምፑ ልምጣ፣ ሰዉ በብዛት የሚሸወደው እዚህ ጋ ነውና። ዋት ሲበዛ ጥሩ ይመስለናል፣ ዋት እጥፍ ሲሆን ግን ድምፁ የሚጨምረው 3 ዴሲቤል ብቻ ነው፣ ጆሮ ላይ እንደ እጥፍ እንዲሰማ ዋቱ አስር ጊዜ ያህል ማደግ አለበት፣ ማለትም የ15 ዋቱን እጥፍ ለመጮህ 150 ዋት ገደማ። ኮንዶሚኒየም ውስጥ ግድግዳው ስስ በሆነበት አገር 10 ዋት እንኳን ግማሹ አይከፈትም። ቸርች ወይ መድረክ ላይ ልጫወት የሚል ልጅም ቢሆን እዛ ሚክሰርና ሞንታርቦ አለ፣ ትንሿን አምፕ ፊቷ ማይክ አቁሞ ማስጮህ ይቻላል። እኔ የምፈልገው ሁለት ነገር ነው፣ አንደኛ የሄድፎን ቀዳዳ ይኑረው፣ ሁለተኛ ንጹህ ድምፁ ያማረ ይሁን፣ ስንት ኢፌክት አለው የሚለው ይቆየን። የአይቤክስና የሮሃ ባንድ ጊታሪስት ሰላም ስዩምን እየሰማ ላደገ ጆሮ በስባሪ መስታወት ድምፅ መጀመር ምን ይባላል? ፌንደር ፍሮንትማን 10ጂ ለቤት ይበቃል። መብራት ለሚጠፋበት ሰፈር ደግሞ በባትሪ የሚሰሩት ሮላንድ ማይክሮ ኪዩብና ብላክስታር ፍላይ 3 አሉላችሁ፣ ሁለቱም ስድስት የግድግዳ ሰዓት ባትሪ ይበቃቸዋል፣ መብራት ሄደ ብሎ ልምምድ የለም የሚል ሰበብ ያበቃል። ብሉቱዝ ስፒከር ከስልክ ጋር አገናኝቼ እንደ አምፕ ልጠቀም ለምትሉ፣ አይሆንም፣ ድምፁ ዘግይቶ ስለሚመጣ ምቱ ይጠፋባችኋል።

አሁን ዋናው፣ የአሜሪካ አምፕ። አክስት ወይ አጎት ከዋሽንግተን ሲመጡ "ለልጁ ጊታርና አምፕ ይዘን መጣን" ይላሉ፣ እግዜር ይስጣቸው፣ ግን እዛ መብራቱ 120 ቮልት ነው እኛ ጋ 220። እነሱም አያስታውሱትም ተቀባዩም አያነብም፣ ሶኬቱ አልገባ ሲል ከሱቅ አስማሚ ተገዝቶ ይሰካል፣ ያቺ አስማሚ ደግሞ የጥርሱን ቅርፅ እንጂ ቮልቱን አትቀይርም። ፊውዙ ከቀደመ ተመስገን ነው፣ ካልቀደመ ውስጡ ያለው ትራንስፎርመር ይነዳል፣ ሽታው ቤቱን ይሞላዋል። ስለዚህ ሳትሰኩ ጀርባውን አንብቡ፣ 120 ብቻ የሚል ከሆነ ከ220 ወደ 110 የሚቀንስ ትራንስፎርመር ያስፈልገዋል፣ አቅሙም አምፑ እበላለሁ ብሎ ጀርባው ላይ ከጻፈው ዋት ቢያንስ እጥፍ ይሁን። አንዳንዱ ጀርባው ላይ 115 እና 230 የምትቀያየር ማብሪያ አለችው፣ በአዳፕተር የሚሰራ ከሆነ ደግሞ አዳፕተሩ ላይ 100-240 የሚል ካለ ምንም አትሰጉ። ከዱባይ፣ ከእስራኤል ወይ ከጀርመን የመጣ አምፕ ቮልቱ ከኛ ጋር ይስማማል።

ለዛም ነው ውጭ ዘመድ ላላቸው ሁሌ የምለው፣ ጊታሩን ያምጡላችሁ አምፑን እዚሁ ግዙ። የተለመደው ሊድ ጊታር መብራት አይሰካ ምን አይሰካ፣ ከየትም ቢመጣ ይሰራል። አምፕ ደግሞ ከባድ ነው፣ የሻንጣ ኪሎ ይበላል። የስትራቶካስተር አይነቱ ሊድ እንዲያውም አንገቱ በአራት ብሎን ነው የታሰረው፣ ክሩን አላልተው ብሎኑን ፈተው ገላውን በልብስ ጠቅልለው ትልቅ ሻንጣ ውስጥ ይከቱታል፣ እዚህ ሲደርስ መልሶ ማሰር የግማሽ ሰዓት ስራ ነው። ብሎኖቹን በፌስታል አድርገው ኪሳቸው ይያዙ ብቻ።

አዘጋጆች፣ ከናንተ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው። ጋዜጠኛ ልካችሁ የሙዚቃ መሳሪያ ሱቆቹን ሁለት ጥያቄ ጠይቁልን፣ ገዢ ሰክቶ መሞከር ይፈቀድለታል ወይ፣ በሳምንት ውስጥ ቢበላሽስ ትቀይራላችሁ ወይ። ባለፈው ከአንድ ተማሪዬ ጋር የገባንበት ሱቅ "ከነካችሁት ገዛችሁት" ብሎ ለጥፏል፣ እኛም ሳንነካ ወጣን። የሚያስሞክሩትን ሱቆች ዝርዝር ከክረምት በፊት ብታወጡት ደግሞ ጋዜጣዋን ለተማሪዎቼ ወላጆች እኔው ራሴ ገዝቼ አድላለሁ።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የጊታር አስተማሪ፣ ከአዲስ አበባ