ስለ ማቲያስና ስለ ኢዱና

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኔም አባትሽም እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን። ለትምህርት ቤት ስለ ዲስኒ የካርቱን ፊልም ስለ «ፍሮዝን 2» የጻፍሽውን አነበብኩት። ጎበዝ ነሽ። መቶ አለቃ ማቲያስን «ለታይታ የገባ ጥቁር» ያልሽው ግን አልተዋጠልኝም።

ያ ሰውዬ ጋሻውን ይዞ ከጭጋጉ ውስጥ ብቅ ያለ ጊዜ ሲኒማ ቤት አጠገቤ ተቀምጠሽ ነበር። ክንዴን ይዘሽ «እማ፣ የእኛ ሰው!» አልሽ፤ ከፊት የተቀመጡት ሁሉ ዞረው አዩን። በመጀመሪያው ፊልም እንዲህ የምትይው ሰው አላገኘሽም ነበር። ከየት እንደመጣ አልተነገረም ብለሽ ጽፈሻል፤ ልክ ነሽ። ግን ደግሞ እይው፦ 34 ዓመት ጫካ ውስጥ ተዘግቶበት ለፊልሙ መንግሥት ለአረንደል ታምኖ የኖረ ወታደር ነው፣ ስለ አባቱ በኩራት ያወራል፣ በፊልሙ ውስጥ «ለመሆኑ አገርህ የት ነው?» የሚለው የለም። አንቺ እዚሁ ኦስሎ ተወልደሽ ይህን ጥያቄ ስንት ጊዜ እንደተጠየቅሽ አውቃለሁ። ለእኔ ይሄ ብቻውን ትልቅ ነገር ነው።

ጽሑፍሽ ውስጥ ፈልጌ ያጣኋት ግን ኢዱናን ነው። የሁለቱን እህትማማቾች፣ የኤልሳንና የአናን እናት! ከጫካው ሕዝብ ከኖርዙልድራ ወገን ሆና የጠላት ልጅ አድና፣ አረንደል ገብታ፣ ንግሥት ሆና፣ ማንነቷን ሸሽጋ የኖረች ሴት። ኤልሳና አና የእናታቸውን ወገን ያወቁት እሷ ከሞተች በኋላ፣ በሻርፗ ጥለት ነው። የኖርዙልድራ ሰዎች የተሣሉት ከሰሜን አውሮፓ ነባር ሕዝብ ከሳሚዎች ተወስዶ ነው፤ ይሄ ደግሞ የምንኖርበት አገር ታሪክ ነው። ኖርዌይ መቶ ዓመት ያህል የሳሚ ልጆችን በትምህርት ቤት ቋንቋቸውን ስታስጥል ኖራለች። ስንቱ ወላጅ ልጄ እንዳይናቅብኝ ብሎ በገዛ ቋንቋው ማውራት ተወ። ፓርላማው በይፋ ይቅርታ የጠየቀው በ2024 ነው፤ ትናንት ማለት ነው። ኢዱናን ሳይ አንጀቴ የሚላወሰው ለዚህ ነው። እኔም ቤት ውስጥ በአማርኛ ካላወራሽኝ አልመልስልሽም እያልኩ ያስቸገርኩሽ ይህንኑ ፈርቼ ነው።

አሠራሩንም አትለፊው። የመጀመሪያው ፊልም ሲወጣ፣ «አጋዘኑም አለባበሱም ከእኛ ከሳሚዎች ተወስዶ ስማችን የለም» ተብሎ ብዙ ቅሬታ ተነሣ። ለሁለተኛው ሳሚዎቹ ዝም አላሉም። በ2019 የኖርዌይ፣ የስዊድንና የፊንላንድ የሳሚ ፓርላማዎች እንዲሁም የሳሚ ምክር ቤት ከዲስኒ ጋር ተፈራረሙ፤ የራሳቸው ሰዎች አማካሪ ሆነው ገቡ፤ ፊልሙም በሰሜን ሳሚ ቋንቋ ድምፅ ተሠራለት። በሰሜን ኖርዌይ በሳሚዎች መንደር በካውቶኬይኖ ያለ አንድ ሕፃን ኤልሳን በአያቱ ቋንቋ ስትናገር ሰማ ማለት ነው። ጥቁር ገጸ ባሕርይ መጨመር ደስ ይላል፣ ባለቤቱን ጠይቆ መሥራት ግን ከዚያ ይበልጣል። እኔ የምሟገተው ለዚህ ነው።

የግድቡ ነገር በቀላሉ ታለፈ ያልሽውን ግን ሙሉ በሙሉ እቀበላለሁ። የኤልሳና የአና አያት የሆነው ንጉሥ ለኖርዙልድራ በስጦታ ስም የሠራው ግድብ ሲፈርስ ኤልሳ ውሃውን በበረዶ አስማቷ ታቆመዋለች፤ አረንደል አንድ ቤት እንኳ አይፈርስባትም። ይሄ በጣም ቀላል ተደረገ። በሰሜን ኖርዌይ ግድብ ስለተሠራበት ስለ አልታ ወንዝ አንብቢ፦ በ1979 ሳሚዎች ኦስሎ ፓርላማው ፊት ድንኳን ተክለው ምግብ አንበላም አሉ፤ ግድቡ ግን ከመሠራት አልዳነም። በዚያ ትግል ምክንያት ነው በ1989 የራሳቸው ፓርላማ የተከፈተላቸው።

ስለዚህ የማቲያስን አንቀጽ እንዳለ ከመተውሽ በፊት አንድ ጊዜ መልሰሽ እዪው፣ ስለ ኢዱና ደግሞ ቢያንስ አንድ ገጽ ጨምሪልኝ። እሑድ ስትደውዪ እንከራከራለን፤ በአማርኛ።

የምትወድሽ እናትሽ