ያቺ በጎን የተሳለችው እኔ ነኝ?

ይድረስ ለአንቺ ለጉደኛዋ፣

እንደምን ከርመሽልኛል? ይቅርታውን ቶሎ ልገላገለው። ጠፋሁ፣ አፍሬያለሁ፣ ምክንያትም የለኝም። አለቀ። ልጆቹ ደህና ናቸው፣ እማዬም ደህና ናት፣ ቱሉ ዲምቱ አሁንም ጭቃና የታክሲ ሰልፍ ነው።

አሁን የምጠይቅሽ ነገር አለ። እንቅልፍ ነስቶኛል። ሳቂብኝ ግን መልሺልኝ።

ያ ቤት ስገባ የሰጠሽኝ ሥዕል፣ ቡና ላይ የተቀመጡት አራቱ ሴቶች። ከሶፋው በላይ ሰቅዬው ስንት ዓመት በሥሩ አለፍኩ። እንግዳ ሲመጣ «ጓደኛዬ ናት የሳለችው» እላለሁ፣ «ያምራል» ይሉኛል፣ በቃ። አፍሪካ አዳራሽ ወስደሽ የአፈወርቅ ተክሌን ባለቀለም መስታወት ስታሳዪኝም ከአፌ የወጣው ይኸው ነበር። 150 ካሬ ሜትር ሙሉ የአፍሪካ መከራና ትግል ፊቴ ቆሞ፣ እኔ «ያምራል!» ያኔ የገላመጥሽኝን አልረሳውም።

ሰሞኑን ሰፈራችን ለሚሠራው ቤተ ክርስቲያን አንድ ሽማግሌ ሠዓሊ መጥተዋል። ግቢው ውስጥ ሸራ ወጥረው ይስላሉ፤ ሲያልቅ ግድግዳው ላይ ይለጠፋል። ከቅዳሴ በኋላ አጠገባቸው መቆም ለመድኩ። «ምን ታያለሽ?» ይሉኛል። «ስቅለት» ስላቸው ይቆጣሉ። «ስሙን ማን ጠየቀሽ? ያየሽውን ቁጠሪልኝ!» እቆጥራለሁ። ማን ማንን ያያል፣ የማን እጅ ባዶ ነው፣ ማን ዳር ቀረ። ልጇን ታቅፋ በተሳለችው እመቤታችን እጅ ላይ መሐረብ መኖሩን በዚህ ዕድሜዬ ገና አሁን አየሁ! መነሻው ሮም፣ ሳንታ ማሪያ ማጆሬ ያለው ሥዕል ነው አሉኝ፤ የኛ ሠዓሊዎች በ17ኛው መቶ ዘመን ወርሰው የራሳቸው አደረጉት። ለቀባሪው አረዱት እንዳትይኝ፣ ለኔ አዲስ ነው።

ከዚያ የዓይኑ ነገር መጣ። ጻድቃኑ ወደኛ ዞረው በሁለት ዓይን ያያሉ። ሚስማር የሚመቱት፣ ይሁዳ፣ ሰይጣኑ፣ በጎን ተስለው ባለ አንድ ዓይን። የዓድዋ ሥዕልም እንደዚሁ ነው፤ የኛዎቹ ባለሁለት ዓይን፣ ጣልያኖቹ በጎን።

ቤት ገብቼ ቀና ስል ሦስቱ ሴቶች እኔን ያያሉ። አራተኛዋ በጎን ናት።

እኔ ነኝ? የነጠላዋ ጥለት አረንጓዴ ነው፣ የኔ ዓይነት። የሳልሽውም ከናዝሬቱ ነገር በኋላ ነው። እሱን አሁን አናንሳው። ወይም እናንሳው፣ እኔ እንጃ።

ሽማግሌውን ጠየቅኳቸው። (ናዝሬትን አልነገርኳቸውም።) ሳቁብኝ። «ይሄ የኛ ሥርዓት ነው፤ የሷን ሥርዓት ከሷው ሥዕል ፈልጊ። ሂጂ ቁጠሪ» አሉ። ቆጠርኩ። በደንብ የተሠራው የአራተኛዋ እጅ ብቻ ነው፣ ጅማቱ ሳይቀር። ጀበናውን የያዘችውም እሷ ናት። የምታየው ጫፍ ላይ ወዳለው ባዶ በርጩማ ነው። ደግሞ ሴቶቹ አራት፣ ሲኒው አምስት!

ባለቤቴ «ደውለሽ ጠይቂያትና ገላግይን» ይላል። ብደውል ስቀሽ ታልፊዋለሽ፣ አውቅሻለሁ። ጻፊልኝ። አምስተኛው ሲኒ የማን ነው? ያቺ ሴትዮ እኔ ከሆንኩስ፣ ተናደሽብኝ ነው የሳልሽኝ? ቢሆንም አይከፋኝም። እሺ፣ ትንሽ ይከፋኛል።

ፎቶ አንስቼ ልልክልሽ ነበር፣ ጅማቱ አልወጣም። ለፋሲካ ከመጣሽ እዚህ ድረስ ነይ፤ ከቃሊቲ ታክሲ አለ።

ያንቺዋ ጠፊ