«ማዳበሪያ ይዛችሁ ኑ»፦ የተፈጥሮ ጥበቃ ክበብ የ2017 ዓ.ም. ዘገባ

መስከረም ላይ ለክበባችን ልጆች «ቅዳሜ ማዳበሪያ ይዛችሁ ኑ» አልኳቸው። እኔ ኮምፖስት፣ ማለትም ከጥራጊ የሚበሰብስ የተፈጥሮ ማዳበሪያ፣ ለመሥራት ጥራጊ የምንሰበስብበትን ባዶ ከረጢት ማለቴ ነበር። አንዷ የ7ኛ ክፍል ልጅ አባቷን ለምና ዩሪያ በፌስታል ቋጥራ መጣች። ዩሪያውን ወደ ቤቷ መለስነው፣ ሳቁ ግን እስከ ሰኔ ዘለቀ።

ከትምህርት ቤታችን ክፍሎች ጀርባ ያለውን ሜዳ ታውቁታላችሁ። ባሕር ዛፉ ከተቆረጠ ወዲህ ከጉቶው ከሚያቆጠቁጠው በቀር ሣር እንኳ በወጉ አልበቀለበትም። ልጆቹ ጥፋቱን ሁሉ ዛፉ ላይ ደፈደፉት። እውነት አላቸው፤ ውሃ ይጠጣል፣ ቅጠሉ ላይ ያለው ዘይትም ሌላ ዘር እንዳይበቅል ያስቸግራል። እኔ ግን ጥብቅና ቆምኩለት። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን አዲስ አበባ ማገዶ አልቆባት ስትጨነቅ የደረሰላት እኮ እሱ ነው። እኛ ደግሞ ግንዱን ለአጣና ቆረጥን፣ ቅጠሉንና ጭራሮውን ለምጣድ ጠረግን፣ ሥሩ የጋጠችውን ላም እበት እንኳ ለኩበት ለቀምን። ሁሉም ነደደ። ለአፈሩ ምን ተረፈው?

ያልነደደው የወጥ ቤት ጥራጊ ብቻ ነው። እሱን ከምረን አበስብሰን ለአፈሩ ልንመልስለት ተነሣን። አንድ አያቱ ጉራጌ አገር ያሉ ልጅ ነገሩ ምኑም አልገረመውም። «አያቴ ጥራጊውንም አመዱንም እበቱንም እንሰቱ ሥር ነው የምትደፋው» አለን።

የጥቅምቱ ክምር አሳፈረን። ልጣጭ፣ የቡና አተላ፣ የተረፈ እንጀራ ብቻ ቆልለን ጨቀየና ሸተተ፣ ሌሊት ውሾች በተኑት፣ ጥበቃው ጋሼም ለአንድ ሳምንት ሰላም አላሉኝም። ጥፋቱ የእኔ ነው። ጥራጊን ወደ አፈር የሚለውጡት ጥቃቅን ነፍሳት ለአንድ እጅ ናይትሮጅን ከ25 እስከ 30 እጅ ካርቦን ይፈልጋሉ፣ አየርም ያስፈልጋቸዋል። ናይትሮጅን የሚበዛበትን እርጥቡን ብቻ ካበላናቸው ይታፈናሉ። እንጀራውን ከለከልን፤ ለአንድ ከረጢት ልጣጭ ካርቦን የሚበዛበት ሁለት ከረጢት ደረቅ ቅጠልና ጭድ መደብን።

ደረቁ ቅጠል ከየት ይምጣ? እዚህ ላይ ኅዳር 12 ደረሰልን። የ1911ዱን የኅዳር በሽታ እያሰበ ሰፈሩ ሁሉ ጥራጊውን ሊያጥን ሲሰናዳ፣ ልጆቹ ከዋዜማው ጀምረው በየደጁ እየዞሩ «እማማ፣ ቅጠሉን አያቃጥሉት፣ ለእኛ ይስጡን» አሉ። አንዳንዶቹ ተቆጡ፣ አብዛኞቹ ሰጡ። 14 ከረጢት ሞላን። ከውስጡ ፌስታል መልቀም ግን ሁለት ቅዳሜ ፈጀብን።

ቴርሞሜትር የለንም። አንድ ክንድ ፌሮ ክምሩ መሃል ሰክተን ጥቂት ቆይተን እንመዘዋለን። በሁለተኛው ሳምንት አንዱ ደፋር በእጁ ጨብጦት ወዲያው ወረወረው! ያኔ እንደሠራ ገባን። ፌሮው ሲበርድ እናገላብጣለን፣ ሲደርቅ ውሃ እናርከፈክፋለን፤ ውሃው በፈረቃ ስለሆነ ጀሪካን ከቤት ያመጡ ልጆች ነበሩ።

መጋቢት ላይ ክምሩ ጠቁሮ፣ ዝናብ የመታው አፈር መሽተት ጀመረ። ሁለት መደብ ቆፍረን አንዱን በእሱ ቀላቀልን፣ ሌላውን እንዳለ ተውን፣ ሁለቱም ላይ ጎመን ተከልን። ግንቦት ላይ ባዶው መደብ ላይ ያለው ጎመን ቢጫ ሆኖ ከልጅ መዳፍ አልበለጠም። የሌላው ቅጠል የሒሳብ ደብተር ይሸፍን ነበር። እኔን ደስ ያለኝ ግን ጎመኑ አይደለም። አንዷ ልጅ ስትኮተኩት «ቲቸር! ትል!» ብላ ጮኸች፣ ሁላችንም ሮጥን። የምድር ትል ነው፣ ቀይ፣ የትንሽ ጣት ያህል። ያ አፈር ላይ ትል አይቼ አላውቅም።

የተቀረው ሜዳ እንዳለ ነው። ሁለት መደብ ማለት ምንም ማለት አይደለም። ከ23 አባላትም 9 ቀርተናል፤ ሽታው ያባረራቸውን አልፈርድባቸውም። ሁለተኛው ክምር በፋሲካ የዶሮ ወጥ ሽንኩርት ልጣጭና በእንቁላል ቅርፊት ተሞልቶ፣ ክረምቱ እንዳያጨቀየው ሸራ ለብሶ ተቀምጧል። ነሐሴ ላይ የሚያገላብጡልኝ ሁለት ልጆች እፈልጋለሁ፣ የሰፈር ልጅ ቢሆኑ ይመረጣል። አካፋው አንድ ነው፣ እሱም እጀታው ይወዛወዛል።