የእግር ጉዞ ክበብ፦ ወጨጫ ላይ የዋልንበት ቅዳሜ

የትምህርት ቤታችን የእግር ጉዞ ክበብ ዘንድሮ ዋንጫ አላመጣም። በሰልፍ ሰዓት ስሙ አልተጠራም፤ የወላጆች በዓል ላይም የሚያሳየው ነገር አልነበረውም። ስለዚህ የ2017 ዓ.ም. ዘገባችን አብዛኛው ስለ አንድ ቅዳሜ ነው። የቀረውን ቶሎ ቶሎ ልበለው።

ጥቅምት ላይ ምዝገባ ነበር። የተመዘገበው ሰውና ለልምምድ የመጣው ሰው ቁጥር አይገናኝም። ይህ የየክበቡ ዕጣ ስለሆነ አልገረመኝም። ኅዳርና ታኅሣሥ ጠዋት ጠዋት የሰፈሩን ዳገት ስንወጣና ስንወርድ ከረምን። በመሀል እንጦጦ ሄድን። እንጦጦ ፓርኩ በ2013 ዓ.ም. ከተከፈተ ወዲህ የከተማው ሰው ሁሉ መዋያ ሆኗል፤ ደስም ይላል። በዕረፍት ቀን ለእግር ጉዞ ግን አይሆንም። ልጆቹ ከተራመዱበት ይልቅ ፎቶ ለመነሳት ወረፋ የያዙበት ሰዓት ይበልጣል። ሰው የማይበዛበት ተራራ እንፈልግ የተባባልነው ያን ዕለት ነው።

ምርጫችን ወጨጫ ሆነ። ሰማዩ ጥርት ሲል ከላይኛው ፎቅ መስኮት በስተምዕራብ የሚታየው ተራራ ማለት ነው። ልጆቹ ሲያዩት ነው ያደጉት፤ ስሙን የሚያውቀው ግን ጥቂት ነበር። ወጨጫ የጠፋ እሳተ ገሞራ ነው። ጫፉ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,300 ሜትር ያልፋል። ምዕራባዊ ጎኑን የመናገሻ ሱባ ደን ለብሶታል። ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የጽድ ዘር ሰሜን ሸዋ ካለው ከወፍ ዋሻ ደን አስመጥተው እንዳስተከሉት ይነገራል።

ቀን መቁረጥ ራሱን የቻለ የቤት ሥራ ነበር። ክረምቱ ጭቃ ነው። የነነዌ ጾም ከየካቲት 3 እስከ 5፣ ዐቢይ ጾም የካቲት 17፣ ረመዳን ደግሞ የካቲት 22 ይገባል። ጾመኛ ይዤ ዳገት አልወጣም። በመሀል ከቀሩት ሁለት ቅዳሜዎች የካቲት 8ን ያዝን።

ሰበታ ስንደርስ አስፋልቱን ለቀን ፒስታውን ያዝን። ከዚያ በኋላ ያለው መንገድ ሚኒባሱንም ሾፌሩንም አስመርሯል። ሾፌሩ ልጆቹን በመስታወት እያየ «ይኼን ያህል መጥታችሁ በእግር ልትሄዱ ነው?» አለ። መልስ የሰጠው አልነበረም።

የክበባችን ሕግ አንድ ነው፤ ቀርፋፋው ከፊት ይሄዳል። የዚያን ቀን የመራችን አንዲት የ9ኛ ክፍል ልጅ ናት። ኳስ ተጫዋቾቹ ከኋላ ሆነው «ቲቸር፣ በዚህ አያያዝ ማታ ነው የምንደርሰው» እያሉ አጉረመረሙ። ከፍታው ሲጨምር ግን ዝም አሉ። እዚያ ላይ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ካለው ሁለት ሦስተኛ ገደማ ብቻ ነው። አዲስ አበባ ማደጋችን ቢረዳንም ትንፋሽ ማጠሩ አልቀረም። ልጅቷ ዞር እንኳ ሳትል በያዘችው እርምጃ ቀጠለች።

ደኑ ውስጥ ሌላ ቡድን አላገኘንም። አስጎብኚያችን ከፊት፣ አንድ ሁለት ከብት ጠባቂ ልጆች ደግሞ ከሩቅ፤ በቃ። ከእኛ ልጆች አንዱ አፋን ኦሮሞ አፉን የፈታበት ስለሆነ ከእረኞቹ ጋር ወዲያው ተግባባ። ክፍል ውስጥ እጁን የማያወጣ ልጅ ነው። ለቀሪው መንገድ ሁሉም የሚጠይቀው እሱን ሆነ፤ ይህ ዛፍ ምን ይባላል፣ ያ ጎጆ የማን ነው፣ ጅብ አለ ወይ?

ታችኛው ክፍል ጽድና ዝግባ ነው። ለግንዱ የሁለት ሰው እቅፍ አይበቃም። ከፍ ሲባል ኮሶ ይመጣል። ወንዴና ሴቴ ኮሶ ለየብቻ ዛፍ መሆናቸውን ስነግራቸው አንዷ «አያቴ የምትጠጣው የሴቷን ነዋ!» ብላ ሳቀች። ልክ ናት፤ ለመድኃኒት የሚፈለገው የሴቷ አበባ ነው። ጉሬዛ ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍ ሲዘል አየን።

ቀኑን ያደመቀችው ግን አንዲት ወፍ ናት። ቅጠል መሀል ስትቀመጥ አረንጓዴ ናት፤ ጭራሽ አትለይም። ብድግ ብላ ስትበር ክንፏ ደማቅ ቀይ ሆነ። ቱራኮ ትባላለች፤ ይህቺኛዋ ጉንጯ ነጭ ነው። አብሮን የነበረው የባዮሎጂ መምህር ቀይ ቀለሟ መዳብ እንዳለበት ነገራቸው። «የኤሌክትሪክ ሽቦው መዳብ?» አሉ። አዎ፣ ያው መዳብ። አንድ ምዕራፍ ሙሉ ስለ ቀለም ብናስተምር ይህን ያህል ጥያቄ አይመጣም ነበር። እንጦጦ ሆነን ቢሆን ወፏም አትቀርብ፣ ብትቀርብም ማን ይሰማታል?

ዛፉ እያጠረ ሄዶ አስታና ቢጫ አበባ ያለው አመጃ ብቻ ቀረ። ከዚያ ጫፉ፤ ነፋሱ ኮፍያ ይነጥቃል። በምሥራቅ አዲስ አበባ በጭስ ተሸፍናለች። ከሷ ወዲያ የረር፣ በደቡብ ምሥራቅ ዝቋላ ብቻውን ቆሟል። በደቡብ ምዕራብ የበቾ ሜዳ ተዘርግቷል። ጤፉ ታጭዷል፤ ሽምብራና ጓያ በያዘው ርጥበት የሚያድጉበት መሬት ነው። ዳቦና ቆሎ በላን። ፎቶም ተነስተናል፤ ወረፋ ግን አልነበረም።

አንድ ልጅ ውኃውን ጠጥቶ የጨረሰበትን ሃይላንድ ጫፉ ላይ ጥርቅም አድርጎ ከደነው። ቆሻሻ እዚያ እንዳይቀር ነበር ሐሳቡ። ሰበታ ስንደርስ ከቦርሳው ሲያወጣው ጎኖቹ ወደ ውስጥ ተሰርጉደዋል። «ማን ነው የተቀመጠበት?» ብሎ ጓደኛውን ሊጣላ ምንም አልቀረው። የታችኛው አየር ነው የጨመቀው። ፕላስቲኩ አሁን ፊዚክስ ላብ ውስጥ ነው፤ እባካችሁ አትክፈቱት።

ከቀኑ የከፋው የጫማ ነገር ነበር። ለጉዞው ብለው አዲስ የገዙት ልጆች ቁልቁለቱን የወረዱት እያነከሱ ነው። ከዚያ በኋላ ፋሲካም ፈተናም መጣ፤ ሚያዝያና ግንቦት ላይ ረጅም ጉዞ አልወጣንም።

ለሚቀጥለው ዓመት የረርን አስበናል። ዝቋላም ይቀራል፤ ጥቅምት 5 እና መጋቢት 5 ግን አንሄድም። በእነዚያ ቀናት ለአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ በዓል የሚወጣው ምእመን ብዙ ነው፤ መንገዱ ለእነሱ ይለቀቅ። ምዝገባ መስከረም ላይ ነው። ወላጆች፣ አዲስ ጫማ አትግዙላቸው፤ እግራቸው የለመደው የቆየው ይበቃል።