ያልመለስኩልሽ ጥያቄ

ውድ ጓደኛዬ፣

እንደምን ከርመሻል? ልጆቹስ ደህና ናቸው? ስድስት ዓመት ሙሉ ዝም ብዬሻለሁና ይቅር በይኝ። እናቴ ካረፈች በኋላ የማንንም ስልክ ማንሳት አቅቶኝ ነበር። ቆይቶ ደግሞ መቆየቱ ራሱ አሳፈረኝ።

አሁን የምጽፍልሽ አንድ ፋይል ስላገኘሁ ነው። በ1993 ዓ.ም. ፒያሳ ኮምፒውተር ስንማር፣ ለመለማመጃ ብለሽ የጻፍሽልኝ ደብዳቤ። ከፍሎፒ ወደ ሲዲ፣ ከሲዲ ወደ ፍላሽ እየገለበጥኩ አቆይቼዋለሁ። ባለፈው ሳምንት ስከፍተው አንድም የአማርኛ ፊደል የለበትም! ሦስቱም ገጽ የላቲን ፊደልና የቅንፍ ዝብርቅርቅ ነው። ደነገጥኩ።

ለካ አልጠፋም። ኮምፒውተር ፊደል አያውቅም፤ የሚያስቀምጠው በ0 እና በ1 የተጻፈ ቁጥር ነው። የትኛው ቁጥር የትኛው ፊደል እንደሆነ የሚታወቀው በስምምነት ነው። ለምሳሌ 65 ትልቁ የእንግሊዝኛ ኤ ነው። ያኔ የምንጽፍበት ፎንት ግን የላቲኑን ቁጥሮች ወስዶ በነሱ ቦታ የእኛን ፊደል ይስል ነበር። ፎንቱ ከሌለ የሚታየው ላቲኑ ብቻ ነው። ለአንድ ፊደል የሚሰጠው ቦታ ያኔ አንድ ባይት፣ ማለትም ስምንት 0 ወይም 1 ነበር፤ በዚያ የሚያዙት ደግሞ 256 ቁጥሮች ናቸው። 33ቱን ፊደል በ7 ስታባዢው 231 ይሆናል፤ ዲቃላዎቹና አኃዞቹ ሲጨመሩ ቦታው አይበቃም። አንዳንዱ ፎንት ለሁለት ተከፍሎ ይመጣ የነበረው ለዚህ ነው።

ዩኒኮድ፣ ለዓለም ፊደላት ሁሉ ቁጥር የሚሰጠው ስምምነት፣ በ1999 እ.ኤ.አ. በወጣው 3.0 እትሙ ለፊደላችን የራሱን ቦታ ሰጠው። ሀ 4608፣ ሁ 4609 ሆኑ። «ሰላም» ስልሽ ኮምፒውተሩ የሚይዘው 4656፣ 4619፣ 4637 ነው። አዲስ አበባም ሆነ ዋሽንግተን ያው ነው። ይህን ሳስብ ደስ ይለኛል።

ደብዳቤሽ መጨረሻ ላይ «ሶፍትዌሩ ግን የቱ ጋ ነው ያለው?» ብለሽ ጠይቀሽኛል። አስተማሪያችን «ሃርድዌር የሚዳሰስ፣ ሶፍትዌር የማይዳሰስ» ብሎን አልፎ ነበር። እኔም አልመለስኩልሽም።

ሶፍትዌርም እንደ ደብዳቤሽ ቁጥር ነው፤ ልዩነቱ ትእዛዝ መሆኑ ነው። ሳትከፍቺው ዲስክ ላይ ይቀመጣል። ስትከፍቺው ኮምፒውተሩን የሚመራው ፕሮግራም፣ ኦፕሬቲንግ ሲስተሙ፣ ወደ ራም ማለትም ወደ ጊዜያዊ ማስታወሻው ያመጣዋል፤ ፕሮሰሰሩም ትእዛዞቹን እያነበበ ይፈጽማል። ትእዛዞቹ እጅግ ቀላል ናቸው። እነዚህን ሁለት ቁጥሮች ደምር። እኩል መሆናቸውን እይ። እኩል ከሆኑ ወደዚያኛው ትእዛዝ ዝለል። ጉልበቱ በአንድ ሰከንድ ውስጥ በቢሊዮን የሚቆጠሩ መፈጸማቸው ነው።

አሁን «ሰ» ብለሽ ልትጽፊ ነው እንበል። ኤስንና ኢን ትነኪያለሽ። ኪቦርዱ የቁልፎቹን ቁጥር ይልካል፤ ኦፕሬቲንግ ሲስተሙ ይቀበላል፤ የአማርኛ መጻፊያው ሁለቱን አጣምሮ 4656 ያደርጋቸዋል። የጽሑፍ ፕሮግራሙ ያንን ራም ላይ ያኖረዋል፤ ፎንቱ ደግሞ መልኩን ይሰጠዋል። ስክሪኑ ላይ «ሰ» እስኪወጣ ዓይንሽን እንኳ አታርገበግቢም። አንዱ ብቻ ቢጎድል ፊደሉ አይወጣም።

መብራት የሄደብሽ ቀን ትዝ ይልሻል? ሴቭ ሳታደርጊ ሁለት ገጽ ጠፍቶብሽ አለቀስሽ። የጻፍሽው ራም ላይ ብቻ ስለነበረ ነው። ራም መብራት ሲሄድ የያዘውን ሁሉ ይረሳል፤ ዲስክ ግን አይረሳም። ሁለተኛ ስትጽፊው በየአንቀጹ ሴቭ ታደርጊ ነበር። እኔ ጋ የደረሰው ያ ነው።

ማተሚያ ቤት የሚሠራ አንድ ልጅ የድሮውን ፎንት ፈልጎ ሰጠኝ። ጫንኩት። ዝብርቅርቁ ወዲያው አማርኛ ሆነ። መጀመሪያ ዓይኔ ያረፈው «እማማን ሳሚልኝ» ያልሽው ላይ ነው። ብዙ አለቀስኩ።

ሦስቱንም ገጽ በዩኒኮድ እንደገና ጽፌልሻለሁ፤ ስልክሽ ላይ ይከፈታል። ቁጥርሽ ካልተቀየረ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ እደውልልሻለሁ።

ያንቺው